ማትሪክ ይቅር ለምትሉ፦ የገጠሩ ልጅ ሌላ ምን ምስክር አለው?

የኩታበሩ መምህር (ክሩን የከፈተ) · እሑድ ማታ 2፡40

ሰላም ጀማው፣ እንዴት ከረማችሁ። ሰሞኑን እዚህም ሻይ ቤትም የሚወራው አንድ ነው። «አገር አቀፍ ፈተናው ልጆቻችንን ጨረሰ፤ ቢቀር ይሻላል፤ ዩኒቨርሲቲ በካርዳቸው ይግቡ» ይባላል። ይህን የሚሉት ክፉ አስበው አይደለም። ልጃቸው ወድቆ ቤት ቁጭ ብሎባቸው ነው። እኔ ግን ሒሳብ ሳስተምር 14 ዓመቴ ነው። ፈተናው ከቀረ መጀመሪያ የሚጎዳው የማን ልጅ እንደሆነ ስለማውቅ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ቤቷ ከትምህርት ቤታችን የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፣ ያውም ዳገትና ቁልቁለት። በመስከረም ጭቃ ጫማዋን አውልቃ በፌስታል ይዛ ትመጣለች። በሩ አጠገብ ካለችው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ታብስና ጫማዋን አድርጋ ትገባለች። የ12ኛ ክፍል ካርዷ ላይ አማካይዋ 74 ነበር። እኛ ጋ ማርክ የሚያጠብቁ ሁለት ሦስት መምህራን ስላሉ 74 ቀላል ነገር አይደለም። በዚያው ዓመት ከተማ፣ የግል ትምህርት ቤት የሚማር የዘመዴ ልጅ ካርዱ 95 ይላል። ሁለቱም በአንድ ቀን አንድ ፈተና ላይ ተቀመጡ። እሷ 50 በመቶውን ተሻገረች። እሱ ሳይደርስ ቀረ። ልጁን ማሳጣቴ አይደለም፣ ጨዋ ልጅ ነው። 95ቱ ግን ሰው ያደለው ቁጥር ነበር። ዩኒቨርሲቲ የሚገባው በካርድ ቢሆን ኖሮ ማን ገብቶ ማን ይቀር ነበር?

ማርክ እንዴት እንደሚሰጥ እናውቃለን። እኔም አድርጌዋለሁ። አንዴ 38 ያመጣ ልጅ አባቱ ቢሮ ድረስ መጡ። ዳይሬክተሩም «እስቲ እየው» አለኝ። ማርክ ሊስቱን ከፍቼ «ፓርቲሲፔሽን» በሚለው ቦታ 12 ጨመርኩና 50 አደረግኩት። እስክሪብቶው ከብዶኝ እንደነበር እስካሁን ትዝ ይለኛል። በማግስቱ የሌላ ልጅ አባት መጡ። የሁለት ሰዓት መንገድ የምትሄደዋ ልጅ አባት ግን መጥተው አያውቁም። በሬያቸውን ጥለው የት ይመጣሉ?

ልጅ እያለሁ ሐይቅ ገበያ ጤፍ በጣሳ ሲሰፈር እናቴ የራሷን ጣሳ ይዛ ነበር የምትሄደው። የአንዳንዱ ነጋዴ ጣሳ ቂጡ ወደ ውስጥ የተጠቀጠቀ ነዋ። ካርድ ለእኔ እንደዚያ ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የሚሰፍረው በራሱ ጣሳ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በ2014 ፈተናው በየትምህርት ቤቱ መሰጠቱ ቀርቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሆነ። 896,520 ተማሪ ተፈተነ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 29,909 ነው፣ 3.3 በመቶ ማለት ነው። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ሆነ። ሁላችንም ደንግጠናል። ግን ልብ በሉ፣ የወደቁት ልጆች ሁሉ በካርድ እያለፉ ነው 12ኛ የደረሱት። በ2014 አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ነበሩ። የእነዚያ ትምህርት ቤቶች ልጆች በየዓመቱ ሰኔ 30 «ተዛውሯል» የሚል ካርድ ይዘው ቤታቸው ይገቡ ነበር። የጋራው ፈተና ባይኖር ይህን ማን ይነግረን ነበር?

ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ።

እናት ከኮምቦልቻ · እሑድ ማታ 3፡25

መምህር አላህ ያክብርዎ፣ የልጅቷ ነገር ልቤን ነክቶኛል። እኔ ደግሞ የወደቀ ልጅ እናት ነኝ፣ የእኔንም ይስሙኝ።

ልጄ 8ኛ ክፍል እያለ ኮሮና መጣና ትምህርት ተዘጋ። 10ኛ በገባበት ጥቅምት ጦርነቱ ከተማችን ገባ። ኅዳርን ሙሉ ከነልጆቼ ዘመድ ጋ ተሸሽጌ ነው ያሳለፍኩት። ስንመለስ የትምህርት ቤቱ ዴስክ ተማግዷል። ልጆቹ መሬት ላይ፣ ብሎኬት ላይ ተቀምጠው ተማሩ። መጽሐፍ አንዱ ለአምስት ነው። 12ኛ ሲደርስ «ዩኒቨርሲቲ ሄዳችሁ ትፈተናላችሁ» ተባለ። ከእኔ ተለይቶ አድሮ የማያውቅ ልጅ። በሶ አዘጋጅቼ፣ ዳቦ ቆሎ ቋጥሬ፣ ብርድ ልብስ አሲዤ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። በሁለተኛው ቀን ሆዱን አመመው። ፊዚክሱን ግማሽ ሳይሠራ ወጣ። 47 በመቶ አመጣ።

አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ሳምንት ይመዘናል? ጥይት ሰምቶ ከማያውቅ ልጅ ጋር በአንድ ወንፊት ይነፋል? አንድ ዓይነት ጥያቄ ፍትሕ ነው ይላሉ። አንድ ዓይነት ዓመታት አልነበሯቸውማ።

ደሴ ፒያሳ · እሑድ ማታ 3፡31

ወላሂ የልቤን ነው የተናገሩት እትዬ። የእኔ ታናሽ ወንድም ታሪክም ይኸው ነው።

የኩታበሩ መምህር · እሑድ ማታ 4፡10

እትዬ፣ አብሽሩ። ሆዱን ያመመው ልጅ በዚያች ቀን መቀጣት የለበትም፣ በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ፈተናው በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰጥ፤ የተሻለው ይያዝ። አንድ ዕድል ብቻ መሆኑ ለእኔ የአሰጣጡ ጥፋት ነው። የጋራ መሆኑ ግን ጥፋት አይደለም።

ስለ ጦርነቱ ያሉት የበለጠ ከባድ ነው። ሳስበው ነበር ያመሸሁት። ሁለት ነገር ለይተን እንይ። አንዱ ልጁ ዛሬ ምን ያውቃል የሚለው ነው። ሌላው ማን ይግባ የሚለው። ፈተናው የሚናገረው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛውን የሚወስነው ሰው ነው። ዴስኩ ተማግዶበት መሬት ላይ ተምሮ 47 ያመጣ ልጅ፣ ሰላም ውሎ ሰላም እያደረ 52 ካመጣው ልጅ ላያንስ ይችላል። ምናልባትም ይበልጣል። ይህን ብሎ ዝቅ ባለ ነጥብ መቀበል ይቻላል። ከ2015 ጀምሮ ከ50 በታች ላመጡ የመጣው ማካካሻ ትምህርት፣ ሪሚዲያሉም ለዚህ በር ይከፍታል። ግን ይህን ሙግት የሚሞግተው 47 የሚለውን ቁጥር የያዘ ሰው ነው። በካርዱ ብቻ ቢሆን የኮምቦልቻውም ልጅ 85፣ ጦርነት ያላየውም ልጅ 85 ይል ነበር። ጉዳቱ ወረቀት ላይ ይጠፋ ነበር። ልጆቻችን ምን እንደተወሰደባቸው የሚያሳይ ማስረጃ ካጣን፣ መጽሐፍ ስጡን፣ ዴስክ ሥሩልን ብለን በምን አፋችን እንጠይቃለን?

ደረሳ የነበርኩ · ሰኞ ጠዋት 1፡15

አሰላሙ አለይኩም ጀማ። የመምህሩን ጣሳ ሳነብ የራሴ ልጅነት ትዝ አለኝ። ከዘመናዊው ትምህርት በፊት ኪታብ ቀርቻለሁ። ወሎ ውስጥ ዳና፣ ጌታ፣ ጀማ ንጉሥ ሲባል የማያውቅ የለም፤ ከየአገሩ ደረሳ የሚጎርፍባቸው ነበሩ። እዚያ ካርድ የለም። ኪታቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሸኹ ፊት ታነባለህ። ሲሳሳትብህ ያቆሙሃል። ጨርሰህ፣ ሸኹ ካመኑብህ ኢጃዛ፣ ማለትም የማስተማር ፈቃድ ይሰጡሃል። ኢጃዛው ላይ የእሳቸው ስም አለ። የሸኻቸውም፣ የሸኻቸው ሸኽም ስም አለ። ደካማ ልጅ ቢልኩ ስማቸው ነው የሚጎድፈው። ስለዚህ የአባትህ ማንነት አይረዳህም።

የዛሬው ካርድ ላይ ግን የማን ስም ይጎድፋል? 38ቱን 50 ያደረገውን መምህር ማን ያውቀዋል? መምህር፣ እውነቱን ስላወጡት አከብርዎታለሁ። ልጁ ሌላ ከተማ ሄዶ ሲወድቅ ግን የሚያፍረው ልጁ ብቻ ነው። የጋራ ፈተና የመጣው ያ የስም አደራ ስለጠፋ ይመስለኛል።

የሰለልኩላው · ሰኞ ጠዋት 2፡02

ወንድሜ ደረሳው ጥሩ አነሣኸው። በእኛም በኩል አለ። የቆሎ ተማሪ ድጓን ከመምህሩ ተምሮ ሲጨርስ በዚያ አያበቃም። ጋይንት ያለው ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። ቅዳሴ ከሆነ ደግሞ እዚሁ ወሎ ሰለልኩላ አለ። ቃሉን ልብ በሉት፣ «ማስመስከር» ነው የሚባለው። ያስተማረህ መምህር ቢወድህም ቢጠላህም፣ የማያውቅህ ሰው ፊት ቆመህ ትዘልቀዋለህ። ከየትኛው ደብር መጣህ፣ ልብስህ ተቀዷል ወይ፣ ስንቅህ አልቋል ወይ የሚል የለም። ዜማው ይዞልሃል ወይስ አልያዘልህም ነው። የድሃ ልጅ መሪጌታ ሆኖ የሚመለሰው በዚህ ነው።

ሰዎች የጋራ ፈተናን ከውጭ የመጣብን ዕዳ አድርገው ሲያወሩ ይከነክነኛል። ከአስተማሪህ ሌላ ሰው ይመስክርልህ የሚለው የአባቶቻችን ልማድ ነው።

ባዮሎጂ ከመርሳ · ሰኞ 7፡20

እኔ በዚህ አልስማማም። ደረሳውም የቆሎ ተማሪውም የሚፈተኑት በአፋቸው ነው፤ ሙሉውን ይዘው፣ መምህር እያዳመጣቸው። የእኛ ልጆች የሚፈተኑት ኤ ቢ ሲ ዲ በማጥቆር ነው። ይህ አንድ ነገር አይደለም።

ላብራቶሪያችን የሚከፈተው ጎብኚ ሲመጣ ነው። ማይክሮስኮፕ አለ፣ መስታወቱ አቧራ ለብሷል። እንየው ስላቸው ልጆቹ ራሳቸው «ቲቸር፣ ማትሪክ ላይ አይመጣም» ይሉኛል። የሽንኩርት ልጣጭ ሴል በዓይናቸው ሳያዩ ስለ ሴል ምርጫ ያጠቁራሉ። ወርክሺት ላይ ያለውን መልስ ይሸመድዳሉ። አንድ አንቀጽ ጻፉ ስላቸው በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይጨነቃሉ። ጥያቄው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ባዮሎጂውን አውቆ «ኤክሰፕት» (በስተቀር) የምትለውን ቃል ሳያይ የሚወድቅ ልጅ በየዓመቱ አለኝ። ፈተናው ባዮሎጂ ለካ ወይስ እንግሊዝኛ?

የ2000ዎቹ ተፈታኝ · ሰኞ 9፡45

ከወልድያ ነኝ። እኔ የተፈተንኩት ፈተናው እዚያው በተማርንበት ትምህርት ቤት በሚሰጥበት ዘመን ነው። የተቀመጥኩት መስኮት ሥር ነበር። ሒሳብ ፈተና ላይ ከውጭ አንድ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንድ ሲ፣ ሁለት ኤ፣ ሦስት ዲ» ማለት ጀመረ። ክፍሉ በሙሉ እርሳሱን ያዘ። ፈታኙ ጀርባውን ሰጥቶን ሰሌዳውን ያያል። አልጻፍኩም። ጀግና ሆኜ ሳይሆን በራሴ መሥራት እችል ስለነበረ ነው። ክረምቱን ሙሉ በኩራዝ አጥንቻለሁ። ውጤት ሲመጣ አጤሬራ ይዘው የሚገቡት ልጆች በለጡኝ። የመጀመሪያ ምርጫዬን አላገኘሁም። ያን ቀን ቤት ገብቼ ደብተሬን ሁሉ አቃጠልኩት።

ስለዚህ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲሄድ «ልጆቻችን ተንከራተቱ» ሲባል ይገባኛል፣ እህቴ ከኮምቦልቻ። ግን እንደኔ የተቀጡ ልጆችም አሉ። በ2008 የእንግሊዝኛው ፈተና ሾልኮ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲለጠፍ ፈተናው ተሰርዞ አገር ምድሩ እንደገና ተፈተነ። ያልጠበቁት ፈተና ከካርድ አይሻልም። ጠብቁት ነው የምለው።

ቁጥር ወዳድ ከደሴ · ሰኞ ማታ 1፡30

የውጭውን ልምድ ላምጣ፣ በዚህ ሥራ ላይ ስላለሁ አነባለሁ።

አሜሪካ ውስጥ ብሮዋርድ የሚባል የፍሎሪዳ ካውንቲ አለ። ልዩ ተሰጥኦ ላላቸው ልጆች የተለየ ክፍል አላቸው። ድሮ ወደዚያ የሚገባው መምህር ወይም ወላጅ የጠቆመው ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 አሠራሩን ቀየሩና 2ኛ ክፍል ያለውን ልጅ ሁሉ አንድ አጭር ፈተና ፈተኑት። የመግቢያ መስፈርቱን አላወረዱም። ግን የድሃ፣ የጥቁርና የስፓኒሽ ተናጋሪ ቤተሰብ ልጆች ቁጥር በጣም ጨመረ። ልጆቹ ድሮም ነበሩ። የሚጠቁማቸው አልነበረም። በኋላ በጀት ሲያጥር ፈተናውን ተዉት፤ ቁጥሩም ወደ ነበረበት ተመለሰ። ያጠኑት ዴቪድ ካርድና ላውራ ጁሊያኖ ናቸው። ዴቪድ ካርድ በኋላ በኢኮኖሚክስ ኖቤል የወሰደው ሰው ነው።

ኤም አይ ቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲም አለ። በኮሮና ጊዜ የመግቢያ ፈተናውን ኤስ ኤ ቲን ትቶት ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር በመጋቢት 2014 መለሰው። ምክንያቱን ሲናገር ያለ ፈተናው ጎበዝ የድሃ ልጆችን መለየት ከበደኝ ነው ያለው። ትምህርት ቤታቸው ከፍ ያለ ሒሳብ ስለማያስተምር ካርዳቸው ላይ የሚታይ ነገር የለም። ዳርትማውዝ የሚባለው ዩኒቨርሲቲም በእኛ 2016 መለሰ። እዚያ የተገኘው ደግሞ ያሳዝናል። ፈተናው በፈቃድ ሲሆን የድሃ ልጆች «ውጤቴ አያኮራም» ብለው ይደብቁታል። የደበቁት ውጤት ግን ቢያሳዩት ኖሮ የሚያስገባቸው ነበር።

የኩታበሯ ልጅም 74 ይዛ ብትቀር ይኸው ነበር የሚገጥማት።

12ኛ ናቹራል · ሰኞ ማታ 2፡05

ጋሼ መምህር፣ እኔ ዘንድሮ ተፈታኝ ነኝ። ክርክራችሁን እያነበብኩ ፈራሁ። ደብተሬን አምስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ሳነበው ሁሉም ይገባኛል። ሞዴል ስፈተን ግን ይጠፋብኛል። ምን ላድርግ?

የኩታበሩ መምህር · ሰኞ ማታ 2፡50

ልጄ አትፍሪ። በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፣ ያንቺን ላስቀድም።

አምስት ጊዜ ማንበብሽ ነው ያታለለሽ። ስታነቢው ፊደሉ ስለለመደሽ ያወቅሽው ይመስልሻል። ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያደረጉት ሙከራ አለ። አንዱን ቡድን አንድ ጽሑፍ አራት ዙር አስነበቡት። ሌላውን አንድ ዙር ብቻ አስነብበው ሦስት ጊዜ ወረቀቱን ዘግቶ የሚያስታውሰውን እንዲጽፍ አደረጉት። ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ደጋግሞ ያነበበው 40 በመቶ ገደማ፣ ራሱን የፈተነው 61 በመቶ ገደማ አስታወሰ። መፈተን ራሱ ያስተምራል ማለት ነው።

ዛሬ ማታ አንድ ምዕራፍ ብቻ አንብቢ። ደብተሩን ዘግተሽ እናትሽ ጋ አስቀምጪው። ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሺውን ጻፊ። የጎደለውን በቀይ ሙዪ። ሐሙስ ያንኑ ምዕራፍ ሳታነቢ እንደገና ጻፊ። በሒሳብ ደግሞ የተሠራ ምሳሌ አትይ፤ ሸፍነሽ ሥሪው። መጀመሪያ ላይ ያስለቅስሻል። አታቁሚ።

ባዮሎጂ ከመርሳ፣ ወንድሜ፣ ያልከው ትክክል ነው። ምርጫ የሆነው የብዙ መቶ ሺህ ተማሪ ወረቀት በእጅ ማረም ስለማይቻል ነው፤ ማሽን ያርመዋል። ግን ምርጫ ብቻ መሆኑ ልጆቹን ብዕር አስረስቷቸዋል። ቢያንስ አንድ የሚጻፍ ክፍል ያስፈልገዋል። የእንግሊዝኛውም ነገር እንደዚሁ፤ ጥያቄው በቀላል ቃል ሊወጣ ይችላል። ሆኖም አንድ ልጠይቅህ። ማትሪክ ቢቀር ነገ ላብራቶሪውን ይከፍቱልሃል?

ባዮሎጂ ከመርሳ · ሰኞ ማታ 3፡15

ሌሊቱን ሳስበው አድራለሁ እንጂ፣ አይከፍቱትም። የ10ኛ ክፍሉ አገር አቀፍ ፈተና ሲቀር 9ኛና 10ኛ ላይ እንተነፍሳለን፣ በደንብ እናስተምራለን ብዬ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። አሁን ከ8ኛው ሚኒስትሪ እስከ 12ኛ ከውጭ የሚያየን የለም። ልጁም መምህሩም ተዝናና። አራት ዓመት ተኝተን 12ኛ ላይ እንባንናለን። የምንነቃው በመጨረሻው ዓመት ሲሆን ጊዜው አልፏል።

ስለዚህ ፈተናው ይቅር አልልም። በጊዜ ይምጣ፣ ልጁም የሚጽፍበት ይሁን እላለሁ።

እናት ከኮምቦልቻ · ማክሰኞ ጠዋት 12፡50

ሁላችሁንም አነበብኩ። ልጄ አሁን ሪሚዲያል ነው፣ ዱዓ አድርጉለት። ሁለት ጊዜ ይሰጥ ያሉትን ያዝኩት መምህር፣ ወላጅ ስብሰባ ላይ አነሣዋለሁ። ታናሿ 9ኛ ክፍል ናት። ካርዷ 88 ይላል። እስካሁን ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ግን 88ቱ በየትኛው ጣሳ እንደተሰፈረ ማወቅ እፈልጋለሁ። እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

የኩታበሩ መምህር · ማክሰኞ 6፡30

እትዬ፣ ጥያቄዎ ሥራ አስያዘኝ። መንግሥት እስኪጀምረው ለምን እንጠብቃለን? እኔ 9ኛ ክፍል ሒሳብ 20 ጥያቄ አወጣለሁ። ኩታበር፣ መርሳና ሐይቅ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት እንስጠው። ማንም የራሱን ተማሪ አያርም። እኔ የመርሳን፣ መርሳ የሐይቅን፣ ሐይቅ የእኛን። ወረቀቱ ላይ ስም አይጻፍ፣ ቁጥር ይሁን። ሐይቅ የምታስተምሩ አላችሁ?

ሐይቅ ዳር · ማክሰኞ 7፡05

አለሁ። ሒሳብ ነኝ፣ 9ኛ «ሐ» እና «መ» የእኔ ናቸው፣ 112 ልጆች። ኮፒውን ግን ማን ይችለዋል?

ደሴ ፒያሳ · ማክሰኞ 7፡20

ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ወረቀቱን አምጡ፣ ማባዛቱ በእኔ። ለታናሽ ወንድሜ ይሁንልኝ።

ባዮሎጂ ከመርሳ · ማክሰኞ 8፡00

የእኛን ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር አናግሬዋለሁ፣ እሺ ብሏል። እኔ ደግሞ በአንድ ሁኔታ እገባለሁ። ከ20ው ምርጫ ጋር ሁለት የሚጻፍ ጥያቄ ይኑር። አንዱን እኔ አወጣለሁ፦ የሽንኩርት ልጣጭ በማይክሮስኮፕ አይተህ ያየኸውን ጻፍ። ለእሱ ስል ላብራቶሪውን ነገ አስከፍታለሁ። የእናንተ ጋ ያለው ማይክሮስኮፕ ይሠራል?

የኩታበሩ መምህር · ማክሰኞ 8፡12

አንዱ ይሠራል። መስታወቱን ዛሬ አጸዳዋለሁ። እትዬ፣ የልጅዎን ወረቀት ለብቻው በፖስታ አሽጌ በኮምቦልቻ ሚኒባስ እልካለሁ፤ እርስዎ ፊት ትሥራው፣ እርማቱ በእኔ።